ጢንዚዛውን ከነቅጠሉ አምጡት

(ደሴ ከተማ ውስጥ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች በተዘጋጀ የቅዳሜ ከሰዓት ዝግጅት ላይ የተደረገ ንግግር። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ! አሰላሙ ዓለይኩም! ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። እዚያ በሩ ጋ የቆማችሁ ልጆች፣ ፊት ለፊት ክፍት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። ዛሬ የማሳያችሁ ነገር ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጥም። ከሩቅ አይታይም።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ማስተካከያ አለኝ። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «በወሎ አዲስ ጢንዚዛ ተገኘ!» ይላል። አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ፤ ሰው የሚጠራ ርዕስ ነው፣ ሰውም መጥቷል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ገና አልተገኘም። ጢንዚዛውስ አለ፤ ይኸው እዚህ ሳጥን ውስጥ ነው። አዲስ ነው ብሎ ለመናገር ግን ገና ነን። «አየሁት» ከማለት ተነስቶ «አዲስ ዝርያ ነው» እስከማለት ድረስ ረጅም ሥራ አለ። እሱን ላጫውታችሁ ነው የመጣሁት።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ይህ ጢንዚዛ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ አንድን ፍጥረት አዲስ ነው ብሎ ለዓለም ለማሳወቅ ምን ያስፈልጋል? ሦስተኛ፣ ከእናንተ ምን እፈልጋለሁ? ሦስተኛው አጭር ነው። የመጣሁት ግን ለእሱ ነው።

እሺ፣ አንደኛው። እዚህ ያላችሁ የቆላ ልጆች፣ የባቲ፣ የሐርቡ፣ የጨፋ፣ ትልቁን ዘመዱን ታውቁታላችሁ። ዝናብ ሲጀምር ግራር ላይ የሚወጣውን፣ ድብልብሉን፣ ጀርባው የሚያብረቀርቀውን። እግሩን በክር አስሮ እያበረረ ያደገ ስንት ነው? እስቲ እጅ አውጡ! አያችሁ! መምህራኑም አወጡ። እኔም አንዱ ነኝ። እኛ ሰፈር አንድ ጥሩ በራሪ ጢንዚዛ በእስክሪብቶ ይለወጥ ነበር። አንድ ቀን ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ከኪሴ አመለጠኝና ጥዝዝ እያለ መምህሩ ራስ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለልጆቹ ስል አልናገርም።

ይህ ቤተሰብ በሳይንሱ ቡፕረስቲዴ ይባላል። የዕንቁ ጢንዚዛ ልንለው እንችላለን። በዓለም ላይ ወደ 15,000 የሚጠጉ ዝርያዎቹ ተመዝግበዋል። የሚያብረቀርቀው ከቅርፊቱ አሠራር የተነሳ ነው፤ ቅርፊቱ እጅግ ስስ በሆኑ ንብርብሮች የተሠራ ስለሆነ ብርሃን ሲያርፍበት ቀለም እየሆነ ይመለሳል። ስለዚህ ሞቶም ውበቱ ይቆያል። ጃፓን ናራ ውስጥ ሆሪዩጂ በተባለው ቤተ መቅደስ በሰባተኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ አንድ መንበር አለ። በነዚህ ጢንዚዛዎች ክንፍ ነበር ያጌጠው። አስቡት፣ የጢንዚዛ ክንፍ ለአምልኮ ቦታ!

የአብዛኞቹ ትል እንጨት ውስጥ ነው የሚያድገው። አንዳንድ ጎሳዎች ግን እንጨቱን ትተው ቅጠል መረጡ። የዛሬው ባለጉዳይ ከነዚህ ነው። ቁመቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ቅጠል ውስጥ እንዴት ይኖራል? በሉ ስሙኝ፣ ይህ ነው የሚገርመኝ። ቅጠል የላይና የታች ቆዳ አለው፤ አረንጓዴው ሥጋ በሁለቱ መካከል ነው። እናቲቱ ቅጠሉ ላይ እንቁላሏን ትጥልና በጥቁር ፈሳሽ ትለብጠዋለች። ሲደርቅ የሚያብለጨልጭ ነጥብ ይሆናል። ትሉ ሲፈለፈል ወደ ውጭ አይወጣም። በእንቁላሉ ሥር በኩል ቅጠሉን በስቶ ይገባል። ከዚያ ሁለቱን ቆዳ ሳይነካ መሐሉን እየበላ ያድጋል። እግር የለውም። ጠፍጣፋ ነው፤ እዚያ ውስጥ ጠፍጣፋ ካልሆኑ አይገባም። ቤቱም ቀለቡም ያው ነው።

እንዲህ ያለ ቅጠል ስታገኙ ወደ ፀሐይ አንሱት። ቡናማ የሆነው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል። ነጣ ያለ ትል ታያላችሁ፤ ጭንቅላቱ ጠቆር ብሏል። ዝም ብላችሁ ብትቆዩ ሲግጥ ታዩታላችሁ፤ አፉን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያዞራል፣ ትንሽ ይቆርሳል፣ ደግሞ ያዞራል። ከኋላው ደቃቅ ጥቁር ኩስ ተዘርግቷል። ሲበቃው እዚያው ቅጠሉ ውስጥ ፑፓ ይሆናል፤ ከትልነት ወደ ጢንዚዛነት የሚለወጥበት ጊዜ ነው። ጎልምሶ ቅጠሉን ቀዶ ይወጣል። ያኔ ደግሞ የቅጠሉን ጠርዝ መብላት ይጀምራል። ልንካህ ስትሉት እግሮቹን ከሆዱ ሥር ወዳሉ ቦዮች ያጥፍና ዱብ! ሞቷል ትላላችሁ። አልሞተም። እናንተ እስክትሄዱ እየጠበቀ ነው።

ይህኛውን ያገኘሁት ከኮምቦልቻ በላይ፣ የጎፍ ደን ዳርቻ ላይ ነው። መጀመሪያ ቁጥቋጦውን በመረብ እየጠረግሁ ስሄድ ጢንዚዛው ብቻ መረቤ ውስጥ ገባ። ከየትኛው ተክል እንደወደቀ በምን ይታወቃል? እዚያ ቦታ ላይ ክትክታው፣ አጋሙ፣ ቀጋው፣ ሁሉም ተጠላልፏል። እያንዳንዱን ቅጠል ሳገላብጥ አንዲት እናት እንጨት ተሸክመው ሲያልፉ አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?»

«እናቴ፣ ይህቺን አይተው ያውቃሉ?» ብዬ ብልቃጡን አሳየኋቸው።

ሸክማቸውን አውርደው፣ ብልቃጡን ራቅ ቀረብ አድርገው አዩና ሳቁ። «ይቺማ የለንቋጣዋ ናት!» አሉኝ። ይዘውኝ ሄደው ትልቅ ዛፍ ሥር ያለ የለንቋጣ ቁጥቋጦ አሳዩኝ። ግማሹ ቅጠል ቡናማ ሆኗል። ልጣጩን ለማሰሪያ ሲልጡ ቅጠሉ ላይ የሚረግፈውን ጥቁር ነገር ያዩት ኖሯል። «ፀሐይ ያገኘው ለንቋጣ ላይ አታገኛትም፣ ጥላ ነው የምትወደው» ብለው ጨመሩልኝ። ዞር ዞር ብዬ አየሁ። እንዳሉት ነው።

ይህን ታሪክ ያዙልኝ። እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ። እዚህ ላይ ትንሽ ስለምቆይ ታገሡኝ።

ጢንዚዛው በመርፌ ለመወጋት በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ሦስት ማዕዘን ሆና የተቆረጠች ደቃቅ ወረቀት ጫፍ ላይ በሙጫ ይለጠፋል፤ መርፌው በወረቀቷ ያልፋል። ከሥሩ መለያ ወረቀት ይገባል፦ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ ማን እንደሰበሰበው። መለያ የሌለው ናሙና ጌጥ እንጂ ማስረጃ አይሆንም። ከዚያ ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባል። ያኔ ነው ጉዱ! በዓይን ጥቁር ነጥብ የነበረው ነገር ነሐስ ይሆናል። ጀርባው ላይ ነጫጭና ወርቃማ ፀጉሮች በመስመር ተኝተዋል። ግንባሩ መሐል ላይ ጎድጎድ ብሏል።

እንግዲህ ጥያቄው ይጀምራል። ወገኑ፣ ማለትም የቅርብ ዘመድ የሆኑ ዝርያዎች የሚሰባሰቡበት ክፍል፣ የትኛው ነው? ቅጠል ውስጥ ከሚያድጉት መካከል በእኛ በአፍሪካ በኩል ትራኪስና ሀብሮሎማ የሚባሉ ሁለት ወገኖች አሉ፤ ተመሳሳይ ናቸው። በክንፉ ሽፋን ጎን በኩል የሚሄደው ሸንተረር እንዴት ነው? ከደረቱ ሥር፣ በፊት እግሮቹ መካከል ያለው ክፍል ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ? እንዲህ እያልን እንለያለን። ወገኑ ከታወቀ በኋላ ዝርያው ይመጣል። ፀጉሩ ያሳስታል፤ ያረጀ ጢንዚዛ ፀጉሩ ይረግፋል፣ መላጣ ይሆናል፣ እንደ አንዳንዶቻችን። ስለዚህ የማያሳስት ነገር እንፈልጋለን። ሽማግሌዎች ይቅር በሉኝና እሱም የወንዱ መራቢያ አካል ነው። ጢንዚዛው ራሱ 3 ሚሊ ሜትር ነው ብያችኋለሁ፤ የእሱን መጠን እናንተ ገምቱ። ቀጭን መርፌ ይዞ፣ ትንፋሽ ዋጥ አድርጎ ማውጣት ነው። ውጭ ሲያዩአቸው አንድ የሚመስሉ ሁለት ዝርያዎች እዚያ ላይ ይለያያሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አዲስ ነው ማለት አይቻልም። ለምን? ምናልባት አንድ ሰው ከመቶ ዓመት በፊት ስም ሰጥቶት ይሆናላ! በእንስሳት ስያሜ ሕግ ቀድሞ የወጣ ስም ነው የሚጸናው። መነሻው ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1758 ያሳተመው ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ የወጣውን ሁሉ ማየት ይጠበቅብሃል። ለዕንቁ ጢንዚዛዎች ደግሞ መከራ ነው። ያን ኦበንበርገር የሚባል የፕራግ ሰው ብቻውን በሺህ የሚቆጠሩ የዕንቁ ጢንዚዛዎችን ሰይሟል። ብዙዎቹን በአጭር በአጭሩ ነው የጻፈላቸው። ጽሑፉን አንብበህ «ይሄ የእኔው ነው ወይስ ሌላ?» ብትል መልስ አታገኝም። ናሙናውን ራሱን ማየት አለብህ።

ያ ናሙና ሆሎታይፕ ይባላል። አንድ ዝርያ ሲሰየም አንዲት ግለሰብ ናሙና ተመርጣ የስሙ ባለቤት ትሆናለች። ገበያ ላይ ሻጭና ገዢ ሲጨቃጨቁ ወደ ቁናው እንደሚሄዱት፣ እኛም ስንከራከር ወደ እሷ ነው የምንሄደው። እንግዲህ ቁናው የት ነው ያለው? የኢትዮጵያ ጢንዚዛዎች ቁና በብዛት ፓሪስ፣ ለንደን፣ ፕራግ፣ ጄኖቫ ነው። የጎፍ ላይ የተያዘን ነገር ለማወቅ አውሮፓ ድረስ መጻፍ ግድ ነው።

እዚህ ላይ ከመንገድ ልውጣ፤ ወሎዬ ሆኖ ይህን አለማውራት አይቻልም። አሺል ራፍሬ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን መጥቶ ላስታ ላሊበላ ደርሷል፤ በ1882 ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ መጽሐፍ አሳትሟል። የታሪክ ሰዎች በዚያ ያውቁታል። ሰውዬው ግን የጢንዚዛ ሰው ነበር! ያውም ሙያው ብዙዎቹ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ በሆኑ ጢንዚዛዎች ላይ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ቀና ብሎ አይቶ፣ ወዲያው ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ሲያገላብጥ ይታየኛል። ስብስቡ ዛሬ ፓሪስ ነው። አልወቅሰውም፤ ባይሰበስብ ኖሮ ምንም አይኖረንም ነበር።

ወደ ነገሬ። ከነዚያ ሙዚየሞች ጋር ትጻጻፋለህ፤ ደጎች ናቸው፣ ፎቶ ይልካሉ። ፎቶው ሲመጣ ግን ምን ታያለህ? ፀጉሩ የረገፈ ጢንዚዛ። አንዳንዴ ሴት ብቻ፤ ስለዚህ ያ የተናገርነው አካል የለም። መለያ ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ «አቢሲኒያ» የሚል ብቻ። አቢሲኒያ የት? ደጋ? ቆላ? ከምን ቅጠል ላይ? ጸጥ። የቀድሞዎቹ ሰብሳቢዎች በመረብ ጠርገው ነው የሄዱት። ይህ ጢንዚዛ ግን ዕድሜውን በሙሉ የኖረው ቅጠሉ ውስጥ ነው። ቅጠሉ ካልታወቀ ግማሹ ጢንዚዛ ጠፍቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ እናቲቱ ልመለስ። ከፓሪስ ናሙና ላይ ያልተጻፈውን እሳቸው ሸክማቸውን አውርደው ነገሩኝ። ተክሉን ነገሩኝ። ጥላ መውደዱን ነገሩኝ። መምህራን፣ ልብ በሉ! ፎቶው ከመጣ በኋላ ሁለቱ ናሙናዎች ቢመሳሰሉ እንኳ፣ ያኛው ከሌላ ተክል መሆኑ ቢታወቅ ጥርጣሬ ይነሳል፤ እንደገና እናያለን። ቅጠሉ ምስክር ነው።

ደግሞ በዕፅዋቱ በኩል ዕድለኞች ነን። በ1980 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ሥራ በስምንት ቅጽ በ2009 ተጠናቋል። ወደ 6,000 ዝርያዎች። ለንቋጣ እዚያ ውስጥ አለ። ለጢንዚዛዎቻችን እንዲህ ያለ መጽሐፍ የለንም። ስለዚህ በሚታወቀው በኩል ገብተን የማይታወቀውን እንፈልግ። በተክሉ በኩል ወደ ጢንዚዛው።

አንዳንዶቻችሁ «ይሄ ሁሉ ድካም ለአንዲት ቅንጣት? ምን ሊጠቅም?» እያላችሁ ነው። ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ፣ አብሽሩ፣ አልቀየምም። በ2002 አሜሪካ፣ ዲትሮይት አካባቢ አሽ የሚባሉ ዛፎች መድረቅ ያዙ። አሽ ከወይራችን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ውስጡ አረንጓዴ የዕንቁ ጢንዚዛ ተገኘ። ማን ነው? እዚያ የሚያውቀው ጠፋ። ናሙናው ስሎቫኪያ ላለ የዚህ ወገን ሊቅ ተላከ። እሱ ለየው፦ በ1888 አንድ ፈረንሳዊ ከቻይና ናሙና ተነስቶ የሰየመው ነው። ስሙ ሲታወቅ አገሩ ታወቀ፤ አገሩ ሲታወቅ እዚያ የሚበላው ጠላቱ ተፈለገ። ዛፎቹ በብዙ ሚሊዮኖች አልቀዋል፤ ቢሆንም ያ የ1888 ወረቀት ባይኖር ፍለጋው ከየት ይጀመር ነበር? ጠቃሚውም አለ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ሐረግ ደን ሲያፍን፣ ቅጠሉን ውስጥ ለውስጥ የሚበላ የዕንቁ ጢንዚዛ ከአገሩ አምጥተው ለቀቁበት። ያን ሐረግ ካልሆነ ሌላ አይበላም ብለው የመረጡት ማን ምን እንደሚበላ አጣርተው ነው። ቅንጭ አረም ያስለቀሳችሁ ገበሬዎች ይህ ዓይነት እውቀት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ስሙን በአጭሩ። አዲስ መሆኑ ከተረጋገጠ ገለጻ ይጻፋል፣ ከቅርብ ዘመዶቹ በምን እንደሚለይ ይነገራል፣ ሆሎታይፑ የት እንደሚቀመጥ ይገለጻል፣ ይታተማል። በኔ እምነት ሆሎታይፑ እዚሁ አገር መቀመጥ አለበት። የቀሩት ናሙናዎች በብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ወደ ውጭ ቢሄዱ ግድ የለኝም፤ ቁናው ግን እዚህ። ስሙ ደግሞ ከአገር ሊወሰድ ይችላል። ጀርመናዊው ሩፐል በ1835 ጭላዳን «ጌላዳ»፣ ዋሊያን «ዋሊ» ብሎ ከእኛው አፍ ወስዶ ነው የሰየመው። በእኔ ስም ሰይመው የሚል ካለ ግን ጉቦው ቡና ብቻ ነው። የራስን ስም መስጠት ሕጉ ባይከለክልም ነውር ነው፤ እኔን እርሱኝ።

ሦስተኛው። የምፈልገው ይህን ነው።

ተማሪዎች፣ ክረምቱ ሲያበቃ ወጣ በሉ። አጥር ላይ፣ ወንዝ ዳር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደን፣ በመስጊዱ ዙሪያ ያለ ዛፍ ሥር። ቡናማ የሆነ ቅጠል ስታዩ ወደ ፀሐይ አንሱት። ውስጡ ትል አለ? ቁረጡት። ሶፍት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ አስገቡት፣ አፉን በነጠላ ቁራጭ እሰሩት። በክዳን ካፈናችሁት ይሻግታል፤ ፀሐይ ላይ ካስቀመጣችሁት ይቀቀላል። በየቀኑ እዩት። ከተመሳሳዩ ተክል አበባ ወይም ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ ጋዜጣ መሐል አድርጋችሁ ከባድ ነገር ጫኑበት። ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ አልኮል ሲነካው ይጠፋል። የሠፈሩን ስም፣ ቀኑን፣ ጥላ መሆን አለመሆኑን። የተክሉንም ስም እናታችሁ እንደምትጠራው ጻፉ፤ ሁለት እናቶች በሁለት ስም ከጠሩት ሁለቱንም።

ከጠርሙሱ የሚወጣው ሁልጊዜ ጢንዚዛ አይሆንም። ብዙ ጊዜ ትንሽ ዝንብ ወይም ብል ነው፤ ቅጠል ውስጥ የሚኖር ብዙ ነው። አንዳንዴም ትሉን በልታ ያደገች ጥቃቅን ተርብ ትወጣለች። እሷንም አትጣሉ። እናቶችና አባቶች፣ ልጁ ቅጠል በጠርሙስ አድርጎ መስኮት ላይ ሲደረድር ብታዩት አትቆጡ፤ የምትለዋውጡት ነገር ቢኖር ሶፍቱን ነው። መምህራን፣ ጠርሙሶቹን ሰብስባችሁ ላኩልኝ፤ አድራሻዬን ለአዘጋጆቹ ትቻለሁ።

ማይክሮስኮፑ መስኮቱ አጠገብ ነው። ተራ ያዙ፣ ሕፃናት ይቅደሙ። አንድ ለንቋጣ ቅጠልም አለ፤ ትሉ በሕይወት ስላለ ጣታችሁን አታስገቡ። ቡናው እስኪደርስ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። እዚያ ጥግ ያሉት አባት እጃቸውን ካወጡ ቆዩ፤ ከእሳቸው እንጀምር።